ሞዲፋየር ቁልፎችን በስክሪፕት ሲለዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቁልፍ ሰሌዳ ግብዓትን የሚቀበል ኮድ መገምገም የሥራዬ አካል ከሆነ ቆይቷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከማንኛውም ስህተት በላይ ደጋግሞ ያጋጠመኝ «ተጠቃሚው ኮንትሮልን ይዞ ነበር ወይስ አልያዘም?» ለሚለው ቀላል መሳይ ጥያቄ የሚሰጠው የተሳሳተ መልስ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ አልት፣ በማክ ላይ ኮማንድና ኦፕሽን፣ በሌሎች ኪቦርዶች ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ በጥቅሉ ሞዲፋየር ይባላሉ። ለብቻቸው ሲጫኑ የሚጽፉት ፊደል የለም፤ ሥራቸው ሌላ ቁልፍ በተጫነበት ቅጽበት የዚያን ቁልፍ ትርጉም መለወጥ ነው። ስለዚህ ሞዲፋየርን እንደ ሁኔታ እንጂ እንደ ተራ ቁልፍ ማሰብ አይገባም፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ልዩነት ከመዘንጋት ነው። ምሳሌዎቼን በብዛት የምወስደው ብሮውዘር ውስጥ ከሚሠራው ጃቫስክሪፕት ሲሆን፣ ፓይተንና ተርሚናልም (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) በየቦታቸው ይመጣሉ።

ሁኔታውን በራስ ቫሪያብል ማስታወስ

አንድ ጀማሪ «ተጠቃሚው ኮንትሮልን ይዞ ኤስን ሲጫን ሰነዱ ይቀመጥ» የሚል ሥራ ሲሰጠው ብዙውን ጊዜ እንዲህ አድርጎ ይጽፈዋል፦ ኮንትሮል ሲጫን አንድን ቫሪያብል «እውነት» ያደርጋል፣ ሲለቀቅ ወደ «ሐሰት» ይመልሰዋል፣ ኤስ በተጫነ ቁጥርም ቫሪያብሉን አይቶ ይወስናል። አሠራሩ የእጃችንን እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ ስለሚከተል ትክክል ይመስላል፤ ጸሐፊው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሞክረውም ይሠራል። ስህተቱ ከግምገማ አምልጦ ተጠቃሚ እጅ የሚደርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሠራሩ የሚፈርሰው ቁልፉ መለቀቁን የሚናገረው ኢቨንት፣ ማለትም ብሮውዘሩ ለኮዱ የሚልከው መልእክት፣ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ብሮውዘር የቁልፍ ኢቨንቶችን ለአንድ ገጽ የሚያደርሰው ትኩረቱ በዚያ ገጽ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ተጠቃሚው ኮንትሮልን ይዞ ታብን ሲጫን ወደ ሌላ ገጽ ይሻገራል፤ ጣቱን ከኮንትሮል ላይ የሚያነሣው እዚያ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያው ገጽ ሲጫን ሰምቶ ሲለቀቅ ሳይሰማ ይቀራል። በአልትና በታብ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲዛወርም፣ በኮንትሮልና በኤፍ የብሮውዘሩን የፍለጋ ሳጥን ሲከፍትም፣ በኮንትሮልና በኤል ወደ አድራሻ መጻፊያው ሲዘልም፣ ኮዱ ራሱ የማስጠንቀቂያ መስኮት ሲያወጣም፣ ትኩረቱ በገጹ ውስጥ ወደተሰካ ሌላ ገጽ (አይፍሬም) ሲሄድም የሚሆነው ይኸው ነው። ተጠቃሚው ሲመለስ እጁ ባዶ ነው፤ ቫሪያብሉ ግን ኮንትሮል አሁንም እንደተያዘ ያምናል።

ይህን ያወቅሁት ራሴ ሠርቼው ነው። ከዓመታት በፊት መዛግብትን በሠንጠረዥ የሚያሳይ ገጽ ጽፌ ነበር፤ ኮንትሮልና ዲ አብረው ሲጫኑ የተመረጠው ረድፍ ይሰረዛል። አንዲት ተጠቃሚ በሁለት ገጾች መካከል በኮንትሮልና በታብ እየተመላለሰች ስሞችን ታነጻጽር ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ሠንጠረዡ በማውስ ተመልሳ በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ በዲ የሚጀምር ስም ልትጽፍ ስትል የመጀመሪያው ረድፍ ጠፋ፤ ፊደሏ ስላልታየቻት ደግማ ስትጫን ሁለተኛው ተከተለ። «ገጹ በራሱ ይሰርዛል» ብላ ስትነግረኝ ሁለት ቀን ሙሉ ችግሩን ለማየት ሞክሬ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እኔ የምፈትነው ከአንድ ገጽ ሳልወጣ ነበር። የጠፋውን ከመጠባበቂያ ቅጂ መለስን፤ የእርሷን አመኔታ መመለስ ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ወስዷል። ዛሬም ግምገማ ላይ ይህን አጻጻፍ ሳይ ትዕግሥቴ የሚያልቀው ስለዚህ ነው።

በማክ ላይ ደግሞ ተመሳሳይ ጉዳት በሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ኮማንድ እንደተያዘ ሌላ ቁልፍ ተጭኖ ሲለቀቅ የዚያ ቁልፍ የመልቀቂያ ኢቨንት ወደ ገጹ አይደርስም። አሁን የተያዙትን ቁልፎች ሁሉ በስብስብ የሚይዝ ኮድ ከአንድ ኮማንድና ሲ በኋላ ሲን ለዘላለም እንደተያዘች ይቆጥራታል።

መፍትሔው ማስታወስን ማቆም ነው። እያንዳንዱ የቁልፍ ኢቨንት «ኮንትሮል-ኪ»፣ «ሺፍት-ኪ»፣ «አልት-ኪ» እና «ሜታ-ኪ» (ኮማንድ ወይም የዊንዶውስ ቁልፍ) የሚባሉ አራት ፕሮፐርቲዎችን ይዞ ይመጣል፤ አራቱም ኢቨንቱ በተፈጠረበት ቅጽበት የነበረውን ሁኔታ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብለው ይናገራሉ። ይህን የሚሞላው ብሮውዘሩ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጠይቆ ስለሆነ በመሀል የጠፋ ኢቨንት አያዛባውም። የማውስ ኢቨንቶችም እነዚሁን አራት ፕሮፐርቲዎች ይይዛሉ፤ «ሺፍት ተይዞ በማውስ ሲነካ» የሚለውን ለማወቅ ብሎ ኪቦርዱን ማዳመጥ ስለዚህ ትርፍ ድካም ነው። አንድ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር ቢኖር የማውስ ጎማ ኢቨንት ነው፤ ተጠቃሚው በላፕቶፕ መዳሰሻ ላይ ሁለት ጣቶቹን ገጹን ለማጉላት ሲከፍታቸው ክሮምና ፋየርፎክስ «ኮንትሮል-ኪ» እውነት የሆነበት የጎማ ኢቨንት ይልካሉ፤ ኮንትሮልን ግን ማንም አልነካም።

በእውነት የተያዙ ቁልፎችን መከታተል የሚያስፈልገው ጨዋታ የሚጽፍ ሰው ነው። እርሱም ቢሆን መስኮቱ ትኩረት ሲያጣ በ«ብለር» ኢቨንት ስብስቡን ባዶ ማድረግ፣ ሞዲፋየሮቹን ደግሞ ከስብስቡ ሳይሆን ከኢቨንቱ ማንበብ አለበት።

በዚሁ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ወገን አለ። ሁለት ቁልፎችን በአንድ ጊዜ መያዝ የሚከብዳቸው ሰዎች «ስቲኪ ኪስ» የሚባለውን አገልግሎት ይጠቀማሉ፤ በዊንዶውስ ሺፍትን 5 ጊዜ በተከታታይ በመጫን ይከፈታል። አገልግሎቱ ሲበራ ሰውየው ኮንትሮልን ነክቶ ይለቃል፣ ቀጥሎ ኤስን ይነካል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሁለቱን አጣምሮ ያቀርባቸዋል። ኢቨንቱን የሚጠይቅ ኮድ ምንም ሳይጨመርበት ለእነዚህ ሰዎች ይሠራል። በመጫንና በመልቀቅ መካከል ያለውን ጊዜ የሚለካ ወይም ሁለቱ ጣቶች እኩል መቀመጣቸውን የሚጠብቅ ኮድ ግን በራቸውን ይዘጋባቸዋል።

ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ መጠየቅ

አቋራጭን (እንደ ኮንትሮልና ኤስ ያለ የቁልፎች ጥምረትን) በ«ኪአፕ»፣ ማለትም ቁልፍ ሲለቀቅ በሚመጣው ኢቨንት ላይ መመርመር ሌላው ስህተት ነው። ሰው ሁለት ጣቶቹን የሚያነሣው በዘፈቀደ ቅደም ተከተል ነው። ኮንትሮልን ቀድሞ ካነሣ ኤስ በምትለቀቅበት ጊዜ «ኮንትሮል-ኪ» ሐሰት ሆኗል፤ ኤስን ቀድሞ ካነሣ እውነት ነው። ውጤቱ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚባል፣ በፍጥነት የሚጽፉ ሰዎችን ብቻ የሚያስቸግር ችግር ነው። አቋራጭ የሚመረመረው ቁልፍ ሲጫን በሚመጣው «ኪዳውን» ላይ ነው። በተጨማሪም ብሮውዘሩ ለዚያ ጥምረት የራሱ ሥራ ካለው፣ ለምሳሌ ገጹን ማስቀመጥ፣ ይህን የሚጀምረው ቁልፉ ሲጫን በመሆኑ በ«ኪአፕ» ላይ ብሮውዘሩን ከራሱ ሥራ የሚያግደውን «ፕሪቬንት-ዲፎልት» መጥራት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የሚፈለገውን ብቻ መጠየቅ፣ የማይፈለገውን አለመከልከል

ኮዱ «ኮንትሮል-ኪ እውነት ነው? ፊደሏ ኤስ ናት?» ብሎ ብቻ ከጠየቀ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስ አብረው ሲጫኑም ይቀበላል። በመጀመሪያ ችግር አይመስልም፤ በኋላ ሌላ ሰው «በሌላ ስም አስቀምጥ» የሚለውን በሺፍት ሲጨምር ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። አራቱንም ሞዲፋየሮች ይመርምሩ፤ የፈለጉት እውነት፣ ያልፈለጉት ሐሰት መሆኑን ያረጋግጡ።

ለዚህ ሕግ አንድ አስፈላጊ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እርሱም ምልክቶች ናቸው። የጥያቄ ምልክት የእርዳታ ገጽን የሚከፍትበት ፕሮግራም ሲጽፉ ስለ ሺፍት ምንም አይጠይቁ፤ የጥያቄ ምልክት ራሱ መምጣቱ በቂ ነው። ወደ ቀኝ ያዘመመችው ሰረዝም እንዲሁ ናት፤ በአሜሪካው የኪቦርድ አቀማመጥ ያለ ሺፍት ትጻፋለች፣ በጀርመኑ ግን የምትገኘው ሺፍትና 7 ሲጫኑ ነው። «ሺፍት መያዝ የለበትም» ብሎ የሚከለክል ኮድ ለጀርመን ኪቦርድ ተጠቃሚ ያንን አቋራጭ ጨርሶ ያጠፋበታል።

የሁኔታ ቁጥርን በእኩልነት ማወዳደር

ጃቫስክሪፕት አራቱን ሁኔታዎች ለየብቻ ሲሰጥ፣ ብዙ ሌሎች መሣሪያዎች ሁሉንም በአንድ ቁጥር ቢቶች (ቁጥሩ በኮምፒውተር ውስጥ በሚጻፍባቸው ዜሮዎችና አንዶች) ውስጥ ያጭቋቸዋል። በፓይተን ከቲኪንተር (የመስኮት መሥሪያ ላይብረሪ) ጋር ሲሠሩ ኢቨንቱ «ስቴት» የሚባል ቁጥር ይይዛል፤ ሺፍት 1፣ ካፕስ ሎክ 2፣ ኮንትሮል 4 ነው። ጀማሪው ኮንትሮልን ይዞ ያትመዋል፣ 4 ያያል፣ «ስቴት እኩል ይሆናል 4» ብሎ ይጽፋል፣ ይሠራል። ፕሮግራሙ በስተቀኝ የተለየ የቁጥር መደዳ ያለው ኪቦርድ ወዳለበት ኮምፒውተር ሲሄድ መሥራት ያቆማል። ምክንያቱ ነም ሎክ፣ ማለትም የዚያን መደዳ ቁጥሮች የሚያሠራው ቁልፍ፣ መብራቱ ነው፤ እርሱም በዚያው ቁጥር ውስጥ የራሱ ቢት አለው፤ በዊንዶውስ 8፣ በሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ 16። ስለዚህ ኮንትሮል ተይዞ የሚመጣው ቁጥር 12 ወይም 20 ይሆናል፤ 4 ፈጽሞ አይመጣም። ሁለት የሥራ ባልደረቦች «እኔ ጋር ይሠራል»፣ «እኔ ጋር አይሠራም» እየተባባሉ ግማሽ ቀን ሲያጠፉ አይቻለሁ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አንዲት በኪቦርዱ ጥግ የበራች ትንሽ መብራት ነበረች።

የፓይተን የጨዋታ መሥሪያ በሆነው ፓይጌም ውስጥ ደግሞ ስህተቱ የበለጠ ይሰወራል። የግራ ኮንትሮል 64፣ የቀኝ ኮንትሮል 128 ነው፤ «ኮንትሮል» ተብሎ በጥቅል ስም የተሰጠው ቋሚ የሁለቱ ድምር 192 ነው። ከዚህ ቋሚ ጋር በእኩልነት ሲወዳደር መልሱ እውነት የሚሆነው ተጠቃሚው ሁለቱንም ኮንትሮሎች በአንድ ጊዜ ከያዘ ብቻ ነው፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው የለም።

በሁለቱም ቦታ መልሱ ቢት በቢት በሚሠራው የ«እና» ኦፐሬተር የሚፈለገውን ቢት ለይቶ ማውጣትና ዜሮ አለመሆኑን ማየት ነው። ይህን ልምድ ወደ ጃቫስክሪፕት ሲያመጡት ስለ ቅንፍ ይጠንቀቁ። ፓይተን ከእኩልነቱ በፊት የቢቱን «እና» ያሰላል፤ ጃቫስክሪፕት ግን እኩልነቱን ያስቀድማል። ያለ ቅንፍ «ስቴት እና 4 እኩል ይሆናል 4» ብለው ከጻፉ መጀመሪያ «4 እኩል ይሆናል 4» ተሰልቶ እውነት ይሆናል፤ እውነት ደግሞ በቢት ስሌት ውስጥ 1 ነው፤ ስለዚህ ኮዱ ኮንትሮልን የጠየቀ መስሎ በ1 ላይ የተቀመጠውን ሌላ ሞዲፋየር ይመረምራል።

ኮንትሮልን ከአልት ጋር ማጣመር

«ኮንትሮልን፣ አልትን እና አንድ ፊደል እናድርገው፤ ማንም አይጠቀምበትም» ሲባል ስሰማ የማዝነው በፖላንድና በጀርመን ኪቦርድ የሚጽፉትን ሰዎች አስቤ ነው። በብዙ የአውሮፓ አቀማመጦች በስተቀኝ ያለው አልት «አልት ግር» ይባላል፤ ሥራውም ሦስተኛ ረድፍ ፊደላትን መጻፍ ነው። በጀርመን ኪቦርድ የኢሜይል አድራሻ መሀል የምትገባው ምልክት የምትጻፈው በአልት ግርና በኪው ነው፤ የዩሮ ምልክት በአልት ግርና በኢ ይጻፋል። በፖላንድ ደግሞ የቋንቋው ልዩ ፊደላት ሁሉ የሚጻፉት በዚሁ ቁልፍ ነው። ዊንዶውስ አልት ግርን ለፕሮግራሞች የሚያሳውቀው የግራ ኮንትሮልና የቀኝ አልት በአንድነት እንደተያዙ አድርጎ ነው። ስለዚህ ለኮንትሮል፣ ለአልትና ለኤስ አንድ ሥራ የሰጠ ገጽ፣ ፖላንዳዊው በስሙ ውስጥ ያለችውን ፊደል ሊጽፍ ሲል ፊደሏን ውጦ መስኮት ይከፍትበታል። ሰውየው የራሱን ስም መጻፍ አልቻለም ማለት ነው።

በኢቨንቱ ላይ «ጌት-ሞዲፋየር-ስቴት» የሚባለውን ፋንክሽን «አልት-ግራፍ» ብለው ሲጠይቁት አልት ግር መያዙን ሊነግርዎ ይችላል፤ መልሱ እውነት ከሆነ ኢቨንቱን ሳይነኩ ለጽሑፉ ይተዉት። ከዚህ የሚሻለው ግን ኮንትሮልንና አልትን የሚያጣምር አቋራጭ ከመጀመሪያው አለመፍጠር ነው።

በማክ ላይ ይህንኑ ሥራ ኦፕሽን ይሠራል፤ እርሱም «አልት-ኪ» ሆኖ ይቀርባል። አልትንና አንድ ፊደልን ለብቻቸው አቋራጭ ካደረጉ የማክ ተጠቃሚን ፊደላት ይወስዱበታል። ከዚህም በላይ ኦፕሽን ተይዞ ኦ ሲጫን «ኪ» የሚለው ፕሮፐርቲ ይዞ የሚመጣው ኦን ሳይሆን የተሰረዘችውን የስካንዲኔቪያ ኦ ነው፤ ኦፕሽንና ኤን ደግሞ ቀጣዩን ፊደል የሚጠብቅ ምልክት ስለሆነ «ዴድ» የሚል ቃል ብቻ ይመጣል። «አልትና ኦ» ብሎ የሚጠብቅ ኮድ ሁለቱንም አያውቃቸውም።

ፊደሉን በተሳሳተ ስም መጠየቅ

የሞዲፋየሩ ሁኔታ በትክክል ቢነበብም አብሮት የተጫነው ፊደል ከተሳተ አቋራጩ አይሠራም። የመጀመሪያው ወጥመድ የፊደል መጠን ነው። «ኪ» የሚሰጠው የሚጻፈውን ፊደል በመሆኑ ሺፍት ሲያዝ ትንሿ ኤስ ወደ ትልቋ ትለወጣለች፤ ካፕስ ሎክ ሲበራም እንዲሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ዊንዶውስ ወደ ትንሿ ሲመልሳት ማክ ትልቋን እንደያዘ ይቀጥላል። ከማወዳደርዎ በፊት ፊደሏን ወደ ትንሽ ይለውጡ፤ ሺፍት መያዙን ግን ከፊደሏ መጠን አይገምቱ፣ «ሺፍት-ኪ»ን ይጠይቁ።

ሁለተኛው በ«ኪ» እና «ኮድ» በሚባሉት ፕሮፐርቲዎች መካከል ያለው ምርጫ ነው። «ኮድ» የሚናገረው ቁልፉ በሰሌዳው ላይ ያለበትን ቦታ ነው፤ ስሙም የተሰየመው በአሜሪካው አቀማመጥ ነው። በጀርመን ኪቦርድ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ በፈረንሳይ ኪቦርድ ደግሞ ኤና ኪው። «መልስ» የሚለውን ትእዛዝ በኮንትሮልና በዜድ ቦታ ካሰሩት ጀርመናዊው ዜድ የተጻፈባትን ቁልፍ ሲጫን «እንደገና አድርግ» ይሆንበታል፤ ያጠፋውን ሊመልስ ሲል ሌላ ያጠፋል። ስለዚህ በፊደሏ ስም ለሚታወስ አቋራጭ «ኪ»ን፣ በጣት አቀማመጥ ለሚሠራ ነገር፣ ለምሳሌ በጨዋታ ውስጥ ለመራመጃ፣ «ኮድ»ን ይጠቀሙ።

ይህ ሕግ ለላቲን ፊደላት ይበቃል፤ በሌላ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ግን ይሰበራል። በሩሲያ አቀማመጥ ኮንትሮል ተይዞ የኤስ ቦታ ሲጫን «ኪ» የሲሪሊክ ፊደል ይዞ ይመጣል። በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሰውም ኪቦርዱን ሳይቀይር አቋራጭ ሲጫን፣ እንደ ኪቦርዱ አዘጋጅ፣ «ስ» ሊመጣ ይችላል። እኔ የምጠቀምበት አሠራር ይህ ነው፦ «ኪ» የላቲን ፊደል ከሆነ እርሱን አምናለሁ፤ ካልሆነ ወደ «ኮድ» እመለሳለሁ። ሁለት መስመር ብቻ የሚጨምር ሲሆን ሰዎች በአቋራጭ ምክንያት ብቻ ኪቦርድ ከመቀያየር ያድናቸዋል።

ፊደል በመመሥረት ላይ ሳለ ጣልቃ መግባት

ኤንተር መልእክት የሚልክበት፣ ሺፍትና ኤንተር ደግሞ አዲስ መስመር የሚጀምርበት ሳጥን ሁሉም ሰው ጽፎታል። ሺፍት አለመያዙን አይቶ የሚልክ ኮድ ጃፓንኛ በሚጽፍ ሰው እጅ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይልካል፤ ምክንያቱም ለእርሱ ኤንተር በመጀመሪያ የተመረጠውን ቃል ማጽደቂያ ነው። አንድ ፊደል ከብዙ ቁልፎች በሚመሠረትበት ጊዜ ኢቨንቱ «ኢዝ-ኮምፖዚንግ» በሚለው ፕሮፐርቲ ይህን ያሳውቃል፤ እውነት ከሆነ አቋራጮችን ሁሉ ይለፉ። ሳፋሪ የማጽደቂያውን ኤንተር ምሥረታው ካበቃ በኋላ ስለሚልከው ይህ ፕሮፐርቲ ብቻውን አይበቃም፤ እዚያ የሚለየው አሮጌው «ኪ-ኮድ» 229 ሆኖ መምጣቱ ነው። «ኪ-ኮድ»ን ዛሬ እንዲጠቀሙ የምመክረው በዚህ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በሌላው ሁሉ የተተወ ነው፣ «ኪፕሬስ» የሚባለው ኢቨንትም እንዲሁ።

ኮማንድንና ኮንትሮልን አንድ አድርጎ ማየት

በማክ አቋራጮች በኮማንድ ይሠራሉ፤ እርሱም «ሜታ-ኪ» ሆኖ ይመጣል። «ኮንትሮል ወይም ሜታ ከተያዘ» ብሎ ሁለቱንም በሁሉም ቦታ መቀበል የተለመደ አቋራጭ መንገድ ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ የጻፍኩት እንደዚያ ነበር። ነገር ግን በማክ የጽሑፍ ሳጥኖች ውስጥ ኮንትሮልና ኤ ወደ መስመሩ መጀመሪያ፣ ኮንትሮልና ኢ ወደ መጨረሻው ይወስዳሉ፤ ኮንትሮልና ኬ ከጠቋሚው እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለውን ይቆርጣል። ሁለቱንም የሚቀበል ገጽ እነዚህን ከለመዳቸው ሰው ይነጥቃል። ኮንትሮል ተይዞ በማውስ መንካትም በማክ የቀኝ ንክኪ ነው፤ ብዙ ነገር ለመምረጥ እርሱን ከተጠቀሙ በምርጫ ፈንታ ዝርዝር ይከፈታል። ማክ መሆኑን አንድ ጊዜ ይወቁና አንዱን ሞዲፋየር ብቻ ይቀበሉ።

በአጭሩ ልለፋቸው የምችላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ቁልፍ ተይዞ ሲቆይ ኢቨንቱ ይደጋገማል፤ መሰረዝን ወይም መላክን የሚያዝ ኮድ «ሪፒት» እውነት ሲሆን ዝም ይበል። ተጠቃሚው የራሱን አቋራጭ እንዲመዘግብ የሚያደርግ ገጽ ሲጽፉ ኮንትሮል ለብቻው ሲጫንም «ኪዳውን» እንደሚመጣ፣ በዚያ ኢቨንት ላይ «ኮንትሮል-ኪ» እውነት እንደሆነ አይርሱ፤ ካልለዩት «ኮንትሮልና ኮንትሮል» ብሎ ይመዘግባል። የብሮውዘሩን ኮንትሮልና ደብልዩ፣ ኮንትሮልና ቲ፣ ኮንትሮልና ኤን በተራ የክሮም ገጽ ውስጥ ማገድ ስለማይቻል በእነርሱ ላይ ጊዜ አያጥፉ። ካፕስ ሎክ መብራቱን በ«ጌት-ሞዲፋየር-ስቴት» መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን የሚጠየቀው ከኢቨንት በመሆኑ ገጹ እንደተከፈተ፣ ሰውየው ምንም ሳይነካ፣ ማስጠንቀቂያ ማሳየት አይቻልም። በዊንዶውስ ነም ሎክ በርቶ ሺፍትና በቁጥር መደዳው ላይ ያለው 4 ሲጫኑ ሲስተሙ ሺፍትን የተለቀቀ አስመስሎ የግራ ቀስት ይልካል፤ እዚያ ሺፍትን አይጠብቁ። ነጠላ ፊደልን ያለ ሞዲፋየር አቋራጭ ማድረግ ከፈለጉ ደግሞ በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.1 ተጠቃሚው እንዲያጠፋው ወይም እንዲቀይረው፣ አለዚያም አቋራጩ የሚመለከተው ክፍል ትኩረት ላይ ሲሆን ብቻ እንዲሠራ ይጠይቃል፤ በድምፅ ለሚጽፍ ሰው አንድ የተነገረ ቃል አሥር አቋራጮች ማለት ነውና።

ተርሚናልን እንደ ብሮውዘር መጠየቅ

ከብሮውዘር ወደ ተርሚናል ስክሪፕት የሚሻገር ሰው «ኮንትሮል ተይዟል?» ብሎ የሚጠይቀው ነገር አያገኝም። ተራ ተርሚናል የሚልከው ባይት ብቻ ነው፤ ኮንትሮል ሥራውን የሚሠራው ባይቱ ከመላኩ በፊት ነው። ከፊደሉ የአስኪ ቁጥር የታችኞቹ 5 ቢቶች ብቻ ይቀራሉ። በዚህም ምክንያት ኮንትሮልና ሲ 3 ነው፤ ኮንትሮልና አይ 9 ነው፣ ይህም ታብ ራሱ ነው፤ ኮንትሮልና ኤም 13 ነው፣ ይህም ኤንተር ነው። በተራ ተርሚናል ሁለቱን ለመለየት የሚደረግ ጥረት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ልዩነቱ ወደ ስክሪፕቱ አልደረሰም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤም አብረው ሲጫኑም በዚሁ ሕግ ሺፍቱን ያጣሉ። አልት አብዛኛውን ጊዜ ከፊደሉ በፊት የኤስኬፕ ባይት፣ ማለትም 27፣ ሆኖ ይመጣል፤ ኤስኬፕን ብቻውን ለመቀበል የፈለገ ስክሪፕት ቀጥሎ ባይት ይመጣ እንደሆነ ለአፍታ መጠበቅ አለበት።

ቀስቶች ላይ ሁኔታው ይሻላል። ብዙ ተርሚናሎች ከቀስት ጋር የተያዙትን ሞዲፋየሮች በቁጥር ይልካሉ፤ ቁጥሩ ከ1 ይነሣና ሺፍት 1፣ አልት 2፣ ኮንትሮል 4 ይጨምሩበታል። ኮንትሮልና የቀኝ ቀስት 5 ይዘው ይመጣሉ፤ ሺፍት ሲታከል 6 ይሆናል። ኮንትሮልና ኤስን ለማስቀመጫ የሚመርጡ ደግሞ ስክሪኑ ቆሞ ሲቀር አይደንግጡ፤ ያ ጥምረት ባይት 19 ሲሆን ብዙ ተርሚናሎች «መላክ አቁም» ብለው ይረዱታል፤ ኮንትሮልና ኪው ያስቀጥለዋል።

በምናብ የተፈጠረ ኢቨንት መፈተን

የመጨረሻው የፈተና ኮድ ስህተት ነው። ፈታኙ «ኤስ፣ ኮንትሮል-ኪ እውነት» ብሎ ኢቨንት ይፈጥራል፣ ወደ ገጹ ይልካል፣ ፈተናው ያልፋል። ያለፈው ግን ፈታኙ ያሰበው ኪቦርድ ነው። እንዲህ ያለ ኢቨንት ሲፈጠር ያልተገለጸው ሁሉ ሐሰት ሆኖ ይሞላል፤ አልት ግርን፣ የበራ ነም ሎክን፣ የማክን «ዴድ»፣ ሳይደርስ የቀረ «ኪአፕ»ን ማንም ከምናቡ አውጥቶ አይጽፋቸውም። የባሰውም አለ፦ ቫሪያብል የሚያስታውስ ኮድ በዚህ ፈተና ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ከፊቱ የኮንትሮል ኢቨንት አልተላከለትምና። ፈተናው ትክክለኛ ምክንያት ይዞ ሳለ ጸሐፊው ኮዱን ሳይሆን ፈተናውን አስተካከለው።

እኔ አሁን የማደርገው አንዲት ትንሽ ገጽ ማዘጋጀት ነው። ገጿ የመጣላትን እያንዳንዱን ኢቨንት ከስሙ፣ ከ«ኪ»፣ ከ«ኮድ»፣ ከአራቱ ሞዲፋየሮችና ከ«ጌት-ሞዲፋየር-ስቴት» መልሶች ጋር በተራ መስመር ትጽፋለች። የጀርመን፣ የፖላንድ፣ የሩሲያና የግዕዝ አቀማመጥ ለሚጠቀሙ፣ ማክ ላላቸው፣ ስቲኪ ኪስ ለሚያበሩ ሰዎች እልካታለሁ፤ አቋራጮቹን በራሳቸው ልማድ ይጫናሉ፣ በመሀል ወደ ሌላ መስኮት ሄደው ይመለሳሉ፣ የወጣውን ጽሑፍ ይልኩልኛል። ፈተናዎቼ ኢቨንቶቻቸውን የሚቀዱት ከእነዚህ መስመሮች ነው።